ባለቁልፍ ስልክ እና *127#
ባለቁልፍ የእጅ ስልክ፣ ፕላስቲክ

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ማርክ ዋይዘር በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ኮምፒውተር ከዕለት ኑሮ ጋር ተዋህዶ ዓይን የማይስብበትን ዘመን ተልሞ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡር በሚያልፍበት የአዲስ አበባ ሰፈር በላንቻ ይህን ሐሳብ ከውድ ስማርት ስልክ ይልቅ የሚያሟላው ይህ ባለቁልፍ ስልክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ቴሌብርን ሲጀምር ከመተግበሪያው ጎን አጭር ቁጥሩን *127#ን አዘጋጀ። ተጠቃሚው ቁጥሩን ሲደውል ቀሪው ሥራ የሚከናወነው በኔትወርኩ ማዕከል ነው፤ ስልኩ የአማራጮችን ዝርዝር ከማሳየትና ምርጫውን ከመላክ ውጪ ሥራ የለበትም። ስለዚህ ኢንተርኔት ሳይኖር ባቡር የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ገንዘብ ይልካል።

እርግጥ ይህ አሠራር ጠባብ ነው የሚሉ አሉ። አንድ መልእክት የሚይዘው 160 ባይት ነው፤ በላቲን እስከ 182 ሆሄ ሲያስገባ በግዕዝ ፊደል ግን 80 ብቻ ይይዛል። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ዝርዝሩ ዝግ በር ነው። ትችቱ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ንድፉን ማሻሻል ነው። አማርኛው አጥሮ እንዲገባ መቅረጽ፣ በድምፅ የሚመራ አማራጭ መጨመርም ይቻላል። ስማርት ስልክ የሌለውን ትቶ መሄድ ግን ማሻሻያ አይባልም። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ከተደረገ ወዲህ የክፍያ መንገድ የዜጋ መብት ጉዳይ ሆኗል። አገልግሎት በሁሉም ቦታ አለ ለማለት በርካሹ ስልክም መሥራት አለበት።