ድጓ በቤተ ልሔም

ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ የጋይንት ገበሬ ማጭዱን ስሎ ማሳው ላይ ነው። ሌሊት ሌሊት ውርጩ ይበረታል፤ ጠዋት ሣሩ ነጥቶ ያድራል። ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ዙሪያ፣ በጭቃ ተመርገው ሣር ከለበሱት ትንንሽ ጎጆዎች፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ተማሪ ያዜማል፣ ሌላው ያጉተመትማል፣ ሦስተኛው መሐል ላይ ይሳሳትና እንደ ገና ከመነሻው ይጀምራል። ቀለም እየቀጸሉ ነው፤ የሚቀጽሉትም የታኅሣሥን ድጓ ነው። የዚህ ድጓ ነገር ግን የሚጀምረው ከአክሱም ነው።

በንጉሡ በገብረ መስቀል ዘመን፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ ያሬድ የሚባል ልጅ በአክሱም ነበረ። አባቱ ስለ ሞተበት እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ልጁም ትምህርት አልገባው አለ፤ መምህሩ ገረፈው፤ እርሱም ሸሸ። በመንገድ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲታገል አየ። ትሉ ደጋግሞ ወደቀ፤ በሰባተኛው ግን ወጣ። ያሬድም ተመልሶ ከአጎቱ እግር ሥር ወደቀ፣ ትምህርቱም ተገለጠለት። ገድሉ የሚተርከው እንዲህ ነው። ይህን ታሪክ የማያውቅ የቆሎ ተማሪ አይገኝም፤ አለንጋ በቀመሰ ቁጥር ይነገረዋልና።

ከዚህ በኋላ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን ዜማ አቆመ፤ የዓመቱንም በዓላት በየወራታቸው ሰድሮ ድጓን ደረሰ። በዚህ መጽሐፍ ልደት በድንገት የሚመጣ የአንድ ቀን በዓል አይደለም። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ስብከት ይገባል፤ ከ14 ጀምሮ ብርሃን፣ ከ21 ጀምሮ ኖላዊ ይከተላሉ። በመጀመሪያው ሰንበት የነቢያት ስብከት ይዜማል፤ በሁለተኛው በጨለማ ያለው ሕዝብ ብርሃን እንዲወጣለት ይለምናል፤ በሦስተኛው የባዘነው መንጋ እረኛውን ይጠራል። ተማሪው ሦስቱን ሳያውቅ ልደትን አውቃለሁ ቢል መሪጌታው አይሰሙትም።

በ1521 ዓ.ም. የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ በግራኝ አሕመድ ድል ሆነ። ከዚያ እስከ 1535 ዓ.ም.፣ ወይና ደጋ ላይ ግራኝ እስከ ወደቀበት ቀን ድረስ፣ ገዳማት ተቃጠሉ፤ ካህናት ተሰደዱ፤ መጻሕፍት አመድ ሆኑ። ሊቃውንት ሲተርኩ ከዚያ እሳት የተረፈው ድጓ የተገኘው በጋይንት ቤተ ልሔም ነው ይላሉ። የድጓ ምስክር ወንበርም እዚያው ተተከለ። እስከ ዛሬ ድረስ ድጓ በሌላ አገር የዘለቀ ሁሉ ወደ ቤተ ልሔም ወጥቶ ከመምህሩ ፊት አስመስክሮ ካልወረደ ትምህርቱ እንደ ጎደለ ይቆጠራል።

በዐፄ ገላውዴዎስም ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ተነሡ። እስከዚያ ድረስ ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ሲሄድ ኖሯል፤ ሽማግሌ ሲሞት ዜማ አብሮት ይቀበራል፤ ጦርነቱ ደግሞ ሽማግሌ አላስተረፈም። ስለዚህ ሁለቱ ሊቃውንት ከቃሉ አናት ላይ ምልክት ጻፉ። ስማቸውም እንደ ሥራቸው ነው፦ ድፋት ድምፁን ትደፋለች፣ ቅናት ታቀናለች፣ ቁርጥ ትቆርጣለች፣ ይዘት በአንዲት ነጥብ ትይዘዋለች፣ ርክርክ በተደረደሩ ነጠብጣቦች ታርገበግበዋለች። ከእነዚህ ጋር ደግሞ ከሌላ ዜማ ራስ የተወሰዱ ትንንሽ ፊደላት አሉ፤ ተማሪው አንዲቱን ባየ ጊዜ ያንን ዜማ አስታውሶ ይመራል። ምልክቱ የሚያገለግለው ዜማውን አስቀድሞ ለሰማ ሰው ብቻ ነው። ጽሑፉ መምህሩን አልተካም።

ስለ ደብሩም ሌላ ነገር አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ፓከናም የሚባል ወጣት ተጓዥ ወደ ቤተ ልሔም ደረሰ። ከውጭ ያየው እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነበር። ሲገባ ግን ከክቡ ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ ቆሞ አገኘ፤ የአክሱምን አሠራር የሚከተል፣ በመካከለኛው ዘመን የታነጸ። ጥንታዊው ቤት የሣሩን ጎጆ እንደ ተሜ ደበሎ ደርቦ ኖሯል። ተጓዡም በመጽሐፉ ይህንን አዲስ ግኝት አድርጎ ጻፈው። ካህናቱ ግን በየሌሊቱ ሲቆሙበት የኖሩት ቤት ስለሆነ ለእነርሱ ምንም የተገኘ ነገር አልነበረም።

ወደዚህ የሚመጣው ልጅ ከአገሩ ሲነሣ ፊደል ለይቷል፤ መልእክተ ዮሐንስን ቆጥሯል፤ ዳዊትም ደግሟል። ብዙውን ጊዜ ወላጆቹን ሳይሰናበት ይጠፋል፤ ዘመድ ባለበት አገር ትምህርት አይገባም ይባላልና። ከላይ ደበሎ፣ ከጎኑ አኮፋዳ፣ በእጁ ዱላ አለ፤ ዱላው ለውሻ ነው። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ይሰጠዋል። የሰበሰበውን አድርቆ ድርቆሽ ያደርገዋል፤ ሲርበው በውኃ አርሶ ይበላዋል። ክረምት ለተሜ ክፉ ነው፤ ጎተራው የጎደለበት ገበሬ እጁ ያጥራል። ታኅሣሥ ግን የአውድማ ወር ነው፤ እህል ሲወቃ ደርሶ ባዶ አኮፋዳ ይዞ የሚመለስ ተማሪ የለም። ጾም ስለሆነ ወተትና ቅቤ አያገኝ ይሆናል እንጂ ሽሮና ቂጣ አያጣም።

የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ራሱ ይጽፋል። ብራናውን ይፍቃል፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ይበጠብጣል፣ መቃውን ቀርጾ ብርዕ ያደርጋል፤ ለርእስና ለቅዱሳን ስም ቀይ ቀለም ያስቀምጣል። መጀመሪያ ቃሉን፣ ከዚያ ከቃሉ በላይ ምልክቱን። አንዲት ነጥብ ያለቦታዋ ብታርፍ በማለዳው ጉባኤ መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ ይይዙታል። «እንደ ገና» ይላሉ። «እሺ የኔታ» ይላል፤ በሰንጢ ፍቆ ያርማል። በዚህ ዓይነት ዓመታት ያልፋሉ።

የልደትን ቀን መቁጠር ደግሞ የባሕረ ሐሳብ ሥራ ነው። የክርስቶስ ፅንሰት መጋቢት 29 ነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ሲቆጠር 275 ቀን፣ ማለት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይመጣል። ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ሲፈጸም ግን አንድ ቀን ይተርፋል፤ ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። በከተማ ብዙ ሰው በዓሉ ወደ ኋላ ተሳበ ብሎ ሲገረም፣ በጉባኤ ቤት የአሥር ዓመት ልጅ በጣቱ ቆጥሮ ይመልስለት ነበር።

ጎንደርም የራሷ ዜና አላት። ዐፄ ፋሲል ከተማይቱን ካቆሙ በኋላ የአቋቋም ሊቃውንት ወደዚያ ተሰበሰቡ። በማኅሌት ሌሊት አንዱ ዜማ በየደረጃው ያድጋል፦ አስቀድሞ በቁሙ ይዜማል፣ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ቀጥሎ ከበሮና ጸናጽል ገብተውበት ይረገዳል፣ በመጨረሻ በጭብጨባ ይጸፋል። በዚሁ ሌሊት ቅኔ ይዘረፋል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የሚሰጠው ሁሉ ያን ዕለት የተወለደ መሆን አለበት፤ ያለፈውን ዓመት ቅኔ የደገመ ሰው በሊቃውንት መካከል ቀና ብሎ አይሄድም። ግርግሙ፣ ኮከቡ፣ እረኞቹ፣ የሄሮድስ ቍጣ ስንት ዘመን ሰም ሆነው አገልግለዋል፤ ባለቅኔው ግን ሌላ ወርቅ ያወጣባቸዋል። በዚህ ሙያ ከተመሰከረላቸው መካከል በጎጃም ጸላሎ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ይገኙበታል።

በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር፣ የልደት ከበሮ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ከሱዳን የመጣው ድርቡሽ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውኃ ላይ ሰብሮ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ካህናቱን ገደለ፤ ሕዝቡን ማረከ። ከሞት ያመለጠው ተማሪ ሲሸሽ መጽሐፍ አልያዘም፤ የተማረውን ግን ማንም አልነጠቀውም። ወንበሮቹ ኋላ የታደሱት በእንዲህ ዓይነት ሰዎች አፍ ነው።

ላስታ ላይ ደግሞ ልደት ሁለት ነው፤ ታኅሣሥ 29 የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን ይባላልና። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ ሲጽፍ፣ አገሩ ያሉ ሰዎች ውሸታም ይሉኛል ብሎ ሠግቶ ነበር። የልደት ጠዋት ካህናቱ ነጭ ለብሰው በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት ጠርዝ ላይ ይሰለፋሉ። ሌሎቹ ከታች ከግቢው ይቆማሉ። ከላይ ያሉት መላእክት፣ ከታች ያሉት እረኞች ናቸው፤ ያሬዳዊውን ቤዛ ኩሉ እየተቀባበሉ በቀስታ ይወዛወዛሉ። በጠርዙ ላይ የሚቆመው ወጣት ትናንት አኮፋዳ አንግቦ የዞረው ተሜ ሊሆን ይችላል። እግሩን የሚያነሣበትን ጊዜ ያወቀው በጉባኤ ቤት ነው፤ ከእግሩ በታች ገደል ስላለ ሳያውቅ ባይቆም ይሻለዋል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጅ ልጁን ወደ ሰሌዳው ላከ፤ የጎጆዎቹም ቍጥር ሳሳ። ሆኖም አዲሱን ጽሑፍ ያቀኑት አብዛኞቹ ከጎጆው የወጡ ነበሩ። ሀዲስ ዓለማየሁ ቅኔ የተማሩ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህም የቤተ ክህነት ተማሪ ያደረጉት የሚያውቁትን ሕይወት ይዘው ነው። አለቃ ለማ ኃይሉም ያሳለፉትን የተማሪነት ዘመን ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ ተርከውለት በመጽሐፍ ታትሟል።

በቤተ ልሔም ልደት ሲያልፍ ተማሪው ለጥቂት ጊዜ ይጠግባል። የመንደሩ ሰው ጠላውንም ዳቦውንም ያመጣል፤ ትልልቆቹ በገና ጨዋታ የተፈነከተውን ልጅ እየጠቀሱ ይስቃሉ። ከልደት እስከ ጥምቀት ያለው ግን 12 ቀን ብቻ ነው። መሪጌታው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። ተማሪው ድጓውን ጉልበቱ ላይ ያስደግፋል፣ የልደትን ቅጠል ገልጦ ያልፋል፣ የከተራውን ዋዜማ ያወጣል፤ ጉሮሮውንም ጠርጎ ይጀምራል። ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ «እንደ ገና» ይሉታል።