ኬሞቴራፒና መክሳት፦ ከተከዜ እስከ አጋሮ

ከአጋሮ ወደ ጅማ እየተመላለሰ የሚታከም የካንሰር ታማሚን የሚያከሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሕመሙና መድኃኒቱ። የሁለቱም ታሪክ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። የመድኃኒቱ ሥር ከመርዝ ጋዝ ይመዘዛል፤ ሕመሙ እንዴት እንደሚያከሳ ማወቅ የተጀመረው ደግሞ ከከብት በሽታ ነው።

ጀርመኖች በ1917 እ.ኤ.አ. ኢፕር አጠገብ የተኮሱት የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳ ከመላጥና ሳንባ ከማቃጠል አልፎ መቅኔን ይጎዳ ነበር። በተመረዙት ወታደሮች ደም ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ክፉኛ መመናመናቸው በ1919 እ.ኤ.አ. ተጽፏል። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት አጽድቃ ሳለ፣ ይህንኑ መርዝ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ተከዜ ግንባር ላይ በአውሮፕላን አዘነበችው። የኢትዮጵያ ጦር ያየው የተላጠ ገላና የታወረ ዐይን ነው፤ መርዙ መቅኔ ውስጥ የሚሠራው ግን ለዐይን አይታይም። በነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ ጉድማንና ጊልማን የሚመሩት ቡድን የጋዙን የቅርብ ዘመድ፣ ናይትሮጅን ሙስታርድን፣ የንፍፊት ካንሰር ለያዘው ሰው በመርፌ ሰጠ። እብጠቱ ሟሸሸ፤ ተመልሶ አበጠና ሰውየው በዚያው ዓመት ሞተ። ሥራው የጦርነት ምስጢር ስለነበር እስከ 1946 እ.ኤ.አ. አልታተመም።

ዛሬ የጡት ካንሰር ላለባቸው ሴቶች ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ሳይክሎፎስፋማይድ የዚያ መርዝ ቀጥተኛ ዝርያ ነው። አብሮት የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲን ግን የመጣው ከአፈር ነው፤ የኢጣሊያ ተመራማሪዎች በፑልያ፣ ካስቴል ዴል ሞንቴ አጠገብ ካገኙት ባክቴሪያ ተወልዶ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ታወቀ። ቀይ ነው፤ በደም ሥር ሲገባ ቱቦው ይቀላል፣ ከዚያ በኋላ የታማሚዋ ሽንትም ለአንድ ሁለት ቀን ይቀላል። አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ደም መስሏት ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

የጅማ ሆስፒታል ራሱ በ1930 ዓ.ም. በኢጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው የተሠራ ነው። ከነፃነት በኋላ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል፣ በደርግ ዘመን ጅማ ሆስፒታል ተባለ፤ ቆይቶም በዩኒቨርሲቲው ሥር ሆነ። የካንሰር ሕክምና ግን ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ፣ ማደሪያና የአስታማሚ ወጪ ማለት ስለነበር፣ ብዙው ሰው ሲደርስ ሥጋው አልቆ ነበር። ጅማ የካንሰር ክፍል ሲከፈት የአጋሮ ሰው መንገድ ወደ 45 ኪሎ ሜትር አጠረ። ኬሞው ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ስለሚሰጥ፣ የመንገዱ ማጠር ቀላል ነገር አይደለም።

የመክሳቱን ምስጢር ለመፍታት በር የከፈተው ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ነው። ከአጋሮ አልፎ ባለው የዴዴሳ ሸለቆ ከብት አርቢው በሽታውን ያውቀዋል፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ዝንብ የነደፈው በሬ ሣር እየጋጠ ይከሳል፣ ጎድኑ ይቆጠራል። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የነበረው አንቶኒ ቼራሚ ከባልደረቦቹ ጋር የበሽታውን ተሕዋስያን ጥንቸሎች ውስጥ ጨምሮ ሲመረምር፣ የእንስሳቱ ደም በቅባት ተሞልቶ አገኘው። ቅባቱ በደም ውስጥ ይዞራል፤ የስብ ሕዋሳት ግን አይወስዱትም፣ የሚያስገባው ኢንዛይም ተዘግቷልና። ዘጊው የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚያመነጩት ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይህ ፕሮቲን በ1975 እ.ኤ.አ. እብጠት ገዳይ ተብሎ ከተገኘው ቲኤንኤፍ ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። ወደ ስብ ሊለወጡ የተዘጋጁ ሕዋሳት ላይ ሲጨመርም ለውጡን አገደ። በካንሰር የሚከሳ ሰው ምግብ ብቻ በመጨመሩ የማይወፍረው ከዚህ የተነሳ ነው፤ እብጠቱና ሰውነቱ የሚለቋቸው እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች የተከማቸውን ስብ ያቀልጣሉ፣ ጡንቻን ያፈርሳሉ፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋሉ። ቤተሰብ ታማሚውን «አልበላ አለ» ብሎ መውቀሱ ስለዚህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኬሞቴራፒ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። የአዋቂ ሰው የስብ ሕዋሳት በዓመት ከ10 አንዱ ያህል እየሞተ በአዲስ ይተካል። አዲሱ የሚወለደው ከደም ሥር አጠገብ ከሚገኙ እናት ሕዋሳት ሲሆን፣ ለውጡን የሚያዝዘው ፒፒኤአር ጋማ የሚባል ፕሮቲን ነው። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ዶክሶሩቢሲን ይህን ፕሮቲን ቀንሶ፣ የስብ ሕዋሳት ስኳር የመውሰድና ስብ የመሥራት አቅማቸውን አድክሟል። ማቅለሽለሹና የአፍ ቁስሉ ከዚህ ሌላ ነው።

ነገሩ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ሲሟጠጥ፣ መቅኔ ውስጥ ኬሞው ባጠፋቸው የደም ሕዋሳት ቦታ ስብ ይሞላል። የጡት ካንሰር ታማሚዎች ደግሞ በኬሞ ወቅት ብዙ ጊዜ ይወፍራሉ፤ ጡንቻቸው እየቀነሰ ስባቸው ስለሚጨምር ሚዛን ጤነኛ ያስመስላቸዋል። ክንድን በሜትር መለካት ሚዛን የደበቀውን አንዳንዴ ያሳያል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም ሐኪሞች በተስማሙበት መለኪያ፣ የካንሰር ታማሚ ሳይፈልግ በ6 ወር ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ካጣ መክሳቱ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ 60 ኪሎ ለነበረች ሴት ይህ ከ3 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። አብዛኛው የኬሞ መጠን ከቁመትና ከክብደት ስለሚሰላ፣ ጉልህ የክብደት ለውጥ ሲኖር ከሚቀጥለው መርፌ በፊት መጠኑ እንደገና ይሰላል።