ካልሲየሙ የት ገባ?

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በርሊንና ቪየና ውስጥ እግራቸው የጎበጠ፣ የእጃቸው አንጓ ያበጠ፣ ቆሞ መሄድ ያቃታቸው ሕፃናት በዝተው ነበር። በሽታው ሪኬትስ ነው፤ አዲስም አልነበረም። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ ግሊሰን በ1650 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መጽሐፍ ጽፎበታል። የታመመው አጥንት ካልሲየም እንደጎደለውም ከታወቀ ቆይቷል። ያልተፈታው ነገር ሌላ ነው። ልጁ ወተት ይጠጣል፣ ካልሲየሙም ከወተቱ ጋር ይገባል፤ አጥንቱ ዘንድ ግን አይደርስም። የሚበላውንና የሚያስወጣውን መዝነው ያስተያዩ ሐኪሞች አብዛኛው ካልሲየም በሰገራ ተመልሶ እንደሚወጣ አዩ። ካልሲየም መጨመር ብቻውን ያልፈወሰው ለዚህ ነው።

በርሊን ላይ የሕፃናት ሐኪሙ ኩርት ሁልድሺንስኪ በጦርነቱ ማብቂያ የብርድ ወቅት ሪኬትስ የጠናባቸውን አራት ልጆች የሜርኩሪ ኳርትዝ መብራት ያበራባቸው ጀመር። በየጊዜው የተነሣው ራጅ ካልሲየም ወደ አጥንታቸው ሲመለስ አሳየ። ውጤቱን በ1919 አሳተመ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቀላሉ ሙከራው ነው፦ አንዱን ክንድ ብቻ ለብርሃን ሲያጋልጥ፣ ያልተነካው ክንድ አጥንትም አብሮ ዳነ። እንግዲህ ብርሃኑ አጥንቱን በቀጥታ አልጠገነም፤ ከቆዳ ተነሥቶ በደም የሚዘዋወር አንዳች ነገር መኖር አለበት።

በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ሜላንቢ እንግሊዝ ውስጥ ቡችሎችን በምግብ ብቻ ሪኬትስ አስያዘ፤ በዓሣ ጉበት ዘይትም ጠበቃቸው። አንዱ ወገን ብርሃን ነው አለ፣ ሌላው ምግብ ነው አለ።

ክርክሩን የዳኘችው ቪየና ናት። ከለንደኑ ሊስተር ኢንስቲትዩት የመጡት ሐሪየት ቺክና ባልደረቦቿ ከ1919 እስከ 1922 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ክሊኒክ ሠሩ። የክሊኒኩ ኃላፊ ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ሪኬትስን ከተላላፊ በሽታ የሚቆጥር ሰው ነበር። የእንግዶቹ ሐሳብ ባይዋጥለትም ሕፃናቱ የተኙባቸውን ክፍሎች ሰጣቸው፤ ይህ ቅንነቱ ሲነገርለት ብዙ አልሰማሁም። በብርዱ ወራት የክሊኒኩን የተለመደ ምግብ ብቻ ካገኙት ሕፃናት መካከል ሪኬትስ የያዛቸው ነበሩ፤ የዓሣ ጉበት ዘይት የተጨመረላቸው አልታመሙም። የታመሙትን ዘይቱም አዳናቸው፣ መብራቱም። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ያው ደካማ ምግብ ማንንም አላሳመመም። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ነበሩ።

ባልቲሞር ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ጆን ሃውላንድና ቤንጃሚን ክሬመር ጥያቄውን ወደ ደም ወሰዱት። ከሕፃን ብዙ ደም አይቀዳምና ትንሽ ደም የሚበቃው መለኪያ ማበጀት ነበረባቸው። በ1921 ያወጡት ውጤት ያልተጠበቀ ነው፦ በብዙዎቹ ታማሚዎች ደም ካልሲየሙ ከጤነኛ ልጅ እምብዛም አልራቀም፤ በግልጽ ያነሰው ፎስፈረስ ነው። ምክንያቱ የተብራራው ዘግይቶ ነው። ካልሲየም ከአንጀት በበቂ ካልተመጠጠ፣ አንገት ላይ ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ከአጥንት እየሳቡ የደሙን መጠን ይጠብቃሉ፤ በዚያው ሥራቸው ፎስፈረሱን በሽንት ያስወጡታል። ደሙ የሞላ የሚመስለው አጥንቱ እየከፈለለት ነው።

እዚያው ከተማ ኤልመር ማኮለም በ1922 የዓሣ ጉበት ዘይትን አሙቆ አየር አሳለፈበት። ቫይታሚን ኤው ጠፋ፤ ሪኬትስን የሚያድነው ኃይል ግን አልጠፋም። ያንን ቫይታሚን ዲ አለው። በ1924 ሃሪ ስቲንቦክና አልፍሬድ ሄስ፣ እየራሳቸው፣ ምግብን በአልትራቫዮሌት ብርሃን በመምታት ብቻ ፈዋሽ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። የበርሊኑ መብራትና የለንደኑ ዘይት አንድ ነገር ያደርሱ እንደነበር የታወቀው ያኔ ነው።

ፀሐይ የሞላበት አገር ግን ከበሽታው አያመልጥም። በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ያሉ፣ የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናትን ምች ካልያዛቸው ሌሎች 500 ጋር አስተያየ። ሪኬትስ የተገኘባቸው ከመጀመሪያዎቹ 210፣ ከሁለተኛዎቹ 20 ነበሩ። ተጠቅልሎ ቤት የሚውል ሕፃን ደጅ ያለው ፀሐይ አይደርሰውም፤ የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ልጅ ደግሞ ምች ሲይዘው አየር ለመሳብ ይቸገራል።