«ጌታ» እና «ባሪያ» በመሣሪያ ቋንቋ፤ ከአልዩ አምባ ገበያ ሲታይ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በሁለት የትምህርት ክፍሎች፣ በታሪክና በኮምፒዩተር ሳይንስ መካከል የቆመ ነው። በኤሌክትሮኒክስና በኮምፒዩተር መጻሕፍት ውስጥ አንዱ መሣሪያ አዝዞ ሌላው ሲታዘዝ፣ አዛዡ «ጌታ»፣ ታዛዡም «ባሪያ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጠራል። በአንድ ገመድ የሚያያዙ ሁለት ሃርድ ዲስኮች፣ ዋናው የመረጃ ቋትና ቅጂው፣ በአንድ መስመር የሚነጋገሩ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ሁሉ በዚህ ጥንድ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። አጠራሩ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ከቀደምት ማስረጃዎቹ አንዱ የሥነ ፈለክ ሊቁ ዴቪድ ጊል በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ስለ አንድ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1904 የጻፈው ነው። ልብ በሉ፤ በዚያች ከተማ ባርነት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1834 ነበር። ተቋሙ ከሞተ ከ70 ዓመት በኋላ ቃሉ ወደ መሣሪያ ተሸጋገረ ማለት ነው።

በዚህ አጠራር ላይ የተነሣው ተቃውሞም አዲስ አይደለም። የሎስ አንጀለስ አውራጃ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ዕቃ አቅራቢዎቹ ቃሉን እንዲተዉ ጠይቆ ነበር። ጆርጅ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ከተገደለ በኋላ ግን ለውጡ ፈጠነ። የሊኑክስ አዘጋጆች ለአዲስ ሥራ ሌሎች ቃላትን መረጡ፤ ማይኤስኪውኤል «ምንጭ» እና «ቅጂ» የሚሉትን ቃላት ያዘ፤ ጊትሃብም የአዳዲስ ሥራዎችን መነሻ ቅርንጫፍ ስም ለወጠ። ተቃዋሚዎች ሁለት መከራከሪያ አቀረቡ። አንደኛው፣ የቃል ለውጥ የማንንም ኑሮ ስለማያሻሽል ከእውነተኛው ሥራ ማምለጫ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቃሉ ቴክኒካዊ እንጂ ሰውን የሚመለከት አይደለም የሚል ነው። ሁለቱንም በቁም ነገር ልንመዝናቸው ይገባል፤ መመዘኛው ግን ከቅርባችን አለ።

ከዚህ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር እንደርሳለን። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ አለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህች ከተማ በታጁራ በኩል ከባሕር ጋር የሚያገናኘው የሲራራ ንግድ መዳረሻ ነበረች። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ ይሸጥባት ነበር፤ በአቅራቢያዋ ባለው በአብዱል ረሱል ገበያ ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስና በአልዩ አምባ የተቀመጠው ቻርልስ ጆንስተን ስለ ንግዱ ጽፈዋል። አብዛኞቹ ምርኮኞች ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የመጡ ነበሩ። ንጉሡም ከንግዱ ቀረጥ ያገኙ ነበር። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ እንደ ዘይቤ የገባው ቃል እዚህ የቀረጥ ዕቃ ስም ነበር።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን አዋጅ አወጡ። ፋሽስት ኢጣሊያ ወረራዋን ለማጽደቅ ይህንኑ የባርነት ጉዳይ እንደ ክስ ተጠቀመችበት። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ ተሻረ። እንግዲህ ከአዋጁ ከ80 ዓመታት በላይ አልፈዋል። ሆኖም «ባሪያ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ፣ በተለይም በቆዳ ቀለምና በትውልድ ላይ እንደሚወረወር ስድብ፣ ዛሬም በአፋችን አለ። ይህ ለመጀመሪያው መከራከሪያ መልስ ይሆነናል። ሕግ ተቋሙን ሲያፈርስ ቃሉን ሳይነካው ቀረ፤ ቃሉም የተቋሙን ጥላ እስካሁን ይዞ ቆየ። ስለዚህ ቃል ብቻውን ፍትሕ አያመጣም፤ ፍትሕም ቃልን ሳይነካ አይሞላም።

«እኛ ግን ቃሉን በክብር እንጠቀምበታለን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ምእመን በጸሎቱ ራሱን የእግዚአብሔር ባሪያ ይላል፤ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ የሚሉት ስሞቻችን ከዚሁ መንፈስ የመጡ ናቸው። ልዩነቱ ግን ማን ይናገረዋል በሚለው ላይ ነው። በጸሎት ሰው ራሱን በፈቃዱ ዝቅ ያደርጋል። በገበያና በስድብ ግን አንዱ ሌላውን ያለ ፈቃዱ ይሰይማል። የመሣሪያው አጠራር የተቀዳው ከሁለተኛው ነው፤ ፈቃድ የሌለው፣ ትእዛዝ ብቻ የሚቀበል ማለት ነውና።

ስም የመለወጥ ልምድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሌሎች የሰጧቸው መጠሪያዎች ከመንግሥት ቋንቋ ወጥተው ኦሮሞና ወላይታ የሚሉት የሕዝቦቹ የራሳቸው ስሞች ቦታቸውን ያዙ። የቀድሞዎቹን እዚህ አልደግማቸውም፤ ታውቋቸዋላችሁ። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ሰነድ ሲያነብ ያገኛቸዋል፤ በሰነዱ ላይም ሊያርማቸው አይገባም። አርሞ የሚያልፍ ሰው የበደሉን ማስረጃ አብሮ ይፍቃልና። በሕያው አጠራር መለወጥ፣ በመዝገብ መጠበቅ፤ እኔ የምሟገትለት ሚዛን ይህ ነው።

ለሁለተኛው መከራከሪያ መልሱ ከራሱ ከቴክኒኩ ይገኛል። የመረጃ ቋት ቅጂ ባሪያ አይደለም፤ የዋናውን ይዘት ይገለብጣል፤ ዋናው ሲበላሽም ተተክቶ ይሠራል። «ቅጂ» ስንል ሥራውን እንናገራለን፤ «ባሪያ» ስንል ሥራውን እንሸፍናለን። የአማርኛ የኮምፒዩተር ቃላት ገና በመደርጀት ላይ በመሆናቸው ዕድል አለን፦ «ዋናና ቅጂ»፣ «ተቆጣጣሪና ታዛዥ»፣ እንዲሁም «ጥቁር መዝገብ» በሚለው ፈንታ «የታገዱ ዝርዝር» ማለት እንችላለን። አንዱን ቃል አጥፍተን ሌላ ለመተካት ከመድከም፣ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን መምረጥ ይቀላል።

ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች፣ በምታዘጋጁት የአማርኛ ማስተማሪያ ጽሑፍ ይህን እንድትሞክሩት እጠይቃለሁ። ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ የማቀርበው ጥያቄ የከበደ ነው። ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥት የምንናገረውን ያህል ከእግሩ ሥር ባለው ገበያ ስለተሸጡት ሰዎች አንናገርም። ቃሉን ከመሣሪያዎቻችን አውጥተን የእነዚያን ሰዎች ታሪክ ሳንጽፍ ከቀረን፣ ተቃዋሚዎቹ «ማምለጫ ነው» ያሉት በእኛ ላይ እውነት ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ አልዩ አምባ ሩቅ አይደለችም።