አርፒዬራ
አርፒዬራ በቺሌ ሴቶች የአሮጌ ልብስ ቁርጥራጮችን በጆንያ ላይ በእጅ እየሰፉ የሚሠሩት የጨርቅ ሥዕል ነው። ስሙ በእስፓንኛ ጆንያ የሚሠራበትን ሻካራ ጨርቅ ያመለክታል። ሥራው በዓለም የታወቀው በአውጉስቶ ፒኖቼ ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1973–1990) ነው። በዚያ ጊዜ ዘመዶቻቸው ታስረው ደብዛቸው የጠፋባቸው ሴቶች በአርፒዬራ ሐዘናቸውን ተካፍለዋል፣ ቤተሰባቸውን መግበዋል፣ የደረሰባቸውንም መስክረዋል።

ታሪክ
በጆንያ ላይ መጥለፍ በቺሌ ከዚያ በፊትም ነበረ። ዘፋኝና ሠዓሊ ቪዮሌታ ፓራ እ.ኤ.አ. በ1964 የጥልፍ ሥራዎቿን ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ቤተ መንግሥት አሳይታለች።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ከተደረገው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተገድለዋል ወይም ደብዛቸው ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 አብያተ ክርስቲያናት ባቋቋሙት የሰላም ኮሚቴ ሥር በሳንቲያጎ ሴቶች ተሰባስበው መስፋት ጀመሩ። ኮሚቴው በመንግሥት ግፊት ሲዘጋ፣ ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቋቋሙት የአብሮነት ቢሮ ሥራውን ቀጠለ። ቢሮው ሥራዎቹን ከሴቶቹ እየገዛ ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር።

አሠራር
መደቡ ብዙ ጊዜ የዱቄት ወይም የስኳር ጆንያ ነው። ቤት፣ ተራራና ሰው በጨርቅ ቁራጭ ተቆርጦ ይሰፋበታል፤ ጠርዙም በሱፍ ክር ይከፈፋል። አንዳንድ ሴቶች የጠፋባቸውን ሰው ልብስ ቆርጠው ይጨምሩበት ነበር። በጀርባው በሚሰፋ ትንሽ ኪስ ውስጥ የሥዕሉን ታሪክ የሚናገር ወረቀት የተደረገባቸውም አሉ። ለደኅንነት ሲባል ብዙዎቹ የሠሪዋ ስም አልተጻፈባቸውም።

ይዘት
ሥዕሎቹ እስራትን፣ ፍለጋን፣ ሥራ አጥነትንና ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያበስለውን የጋራ ድስት ያሳያሉ። በጥንድ የሚጨፈረውን ኩዌካ የተባለ ባህላዊ ጭፈራ ብቻዋን የምትጨፍር ሴትም ትታያለች፤ የጎደለው ባሏ ወይም ልጇ ነው። ታሪኩ አሳዛኝ ቢሆንም ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ከአንዲስ ተራሮች በላይ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ትወጣለች።

ፋይዳ
ስፌቱ የጠፋውን ሰው አልመለሰም። ሆኖም በየቤቷ ብቻዋን ታለቅስ የነበረችን ሴት ተመሳሳይ ሐዘን ከደረሰባቸው ጋር አገናኝቷል፤ ጋዜጣ ሊጽፈው ያልቻለውንም ከአገር አውጥቷል። ጥበቡ በኋላ ወደ ፔሩ ተሻግሯል። ዛሬ በሳንቲያጎ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የመታሰቢያና የሰብአዊ መብቶች ሙዚየም አርፒዬራዎችን ጠብቆ ያሳያል።