የሃዋይ አካባቢያዊ ግብርና

የሃዋይ አካባቢያዊ ግብርና ማለት በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች ለነዋሪው ቀለብ የሚሆን ሰብል፣ ከብትና ዓሣ የማምረት ሥራ ነው። ሃዋይ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ 50ኛው የአሜሪካ ክፍላገር ስትሆን ከካሊፎርኒያ ጠረፍ 3,800 ኪ.ሜ. ያህል ትርቃለች። አየሯ ዓመቱን ሙሉ ለእርሻ ይመቻል። ሆኖም ከሚበላው ምግብ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከውጭ እንደሚገባ የክፍላገሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሰነድ ገምቷል።

ጥንታዊው እርሻ

የፖሊኔዥያ ሰዎች በታንኳ ወደ ደሴቶቹ ሲሻገሩ ስኳር ድንች፣ ሙዝ፣ ሸንኮራ አገዳና ከሁሉ በላይ ጎደሬን ይዘው መጡ። ጎደሬ በቋንቋቸው «ካሎ» ይባላል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚበላው ያው ተክል ነው። ሥሩ በስሎ ይወቀጥና በውሃ ቀጥኖ «ፖይ» የተባለ ገንፎ መሰል ምግብ ይሆናል። ጥቂት ቀን ከቆየ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣውን የሚመርጡም አሉ። በሃዋያውያን ትውፊት ጎደሬ የሰው ልጅ ታላቅ ወንድም ስለሆነ፣ እርሱን መንከባከብ የቤተሰብ ግዴታ ነው።

መሬቱ «አሁፑዋዓ» በሚባሉ፣ ከተራራ ጫፍ እስከ ባሕር በሚወርዱ ክፍሎች ይከፈል ነበር። የወንዝ ውሃ በቦይ ተጠልፎ የጎደሬውን ማሳ ካጠጣ በኋላ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ከታች፣ በባሕሩ ዳር፣ በድንጋይ ካብ የታጠሩ የዓሣ ኩሬዎች ነበሩ። ውሃው መመለሱ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

የስኳር ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1848 የተጀመረው የመሬት ክፍፍል መሬትን የግል ንብረት አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1876 በሥራ ላይ የዋለው ውል ደግሞ የሃዋይ ስኳር ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በማዊ ደሴት የትልቅ ቦይ ሥራ ተጀመረ፤ ቦዩ ዝናባማ ከሆነው ምሥራቅ ውሃ እየቀዳ ደረቅ ወደሆነው መካከለኛ ሜዳ ይወስዳል። ይህ ውሃ ወደ ወንዙ አይመለስም ነበር፤ ስለዚህ ከታች ያሉት የጎደሬ ማሳዎች ውሃ አጡ።

ስኳርና አናናስ ለውጭ ገበያ በሰፊው ሲመረቱ የነዋሪው ቀለብ በመርከብ ይመጣ ጀመር። የዚህ አደጋ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1949 የወደብ ሠራተኞች ስድስት ወር ገደማ የፈጀ አድማ ባደረጉ ጊዜ ነው።

የመጨረሻው የስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ማዊ ላይ ተዘጋ። የተለቀቀው መሬት ግን በአብዛኛው የምግብ እርሻ አልሆነም፤ ገሚሱ ቤትና ሆቴል ተሠራበት፣ ብዙው ጦም አድሮ ባዕድ ሣር ወረሰው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የላሃይናን ከተማ አውድሞ 100 ያህል ሰው የገደለውን እሳት ካባባሱት ነገሮች አንዱ በቀድሞ የአገዳና የአናናስ እርሻዎች ላይ የበቀለው ደረቅ ሣር ነበር።

የአካባቢ ምርትን መደገፍ

እ.ኤ.አ. በ1978 የተሻሻለው የሃዋይ ሕገ መንግሥት የእርሻ መሬት እንዲጠበቅና ክፍላገሩ በምግብ ራሱን እንዲችል ያዛል። ትእዛዙን ከገበታ ማድረስ ግን አስቸጋሪ ሆኗል። መሬት ውድ ነው፣ የሰው ጉልበት ውድ ነው፣ ማዳበሪያና የእንስሳት መኖም ቢሆን በመርከብ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. የ1920 የአሜሪካ የባሕር ንግድ ሕግ በአገሪቱ ወደቦች መካከል ጭነት የሚያመላልሱት አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ መርከቦች ብቻ እንዲሆኑ ስለሚያዝ ኪራዩን ያንረዋል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በሃዋይ የሚወለዱ ብዙ ጥጆች ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ተጭነው እዚያ ይደልባሉ፤ ነዋሪው ደግሞ ከዚያ የመጣ ሥጋ ይገዛል።

ስለዚህ ሸማቹ ብቻውን የሚለውጠው ጥቂት ነው፤ ቋሚ ገዢ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚያቀርቡት ምግብ 30 በመቶው በ2030 የአካባቢ ምርት እንዲሆን ግብ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ቱሪስት ሲቀር ለሆቴሎች ብቻ ያመርቱ የነበሩ ገበሬዎች በድንገት ገበያ አጡ፤ ብዙዎቹ አትክልታቸውን በሣጥን እያደረጉ በቀጥታ ለቤተሰብ መሸጥ ጀመሩ።

መለያ ስምም የክርክር ምንጭ ነው። የኮና ቡና ዝርያው ከኢትዮጵያ ጫካ የመነጨው አረቢካ ነው። ለረጅም ዓመታት 10 በመቶ ብቻ የኮና ቡና ያለበት ድብልቅ የኮናን ስም ይዞ እንዲሸጥ ሕጉ ይፈቅድ ነበር። በገበሬዎቹ ግፊት እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሕግ መጠኑን ከ2027 ጀምሮ ወደ 51 በመቶ ከፍ አድርጎታል።

በማዊ ደግሞ የክፍላገሩ የውሃ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ጎደሬ የሚያጠጡ በርካታ ጅረቶች ሙሉ ውሃቸው እንዲለቀቅላቸው ወስኗል። በዚያው ዓመት አብዛኛው የቀድሞ የስኳር መሬት፣ 16,600 ሄክታር ገደማ፣ ልዩ ልዩ ሰብል ለማልማት ላቀደ ኩባንያ ተሸጠ። እርሱም የሚያጠጣው በዚያው የስኳር ዘመን ቦይ ስለሆነ፣ ከጅረቶቹ ምን ያህል ይቀዳ የሚለው ሙግት ቀጥሏል።