ዕገዳ፣ ምከታ ወይስ ጠረጋ? የአንድ የካራቴ ቃል ታሪክና አሰያየም

የስፖርት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት በልዩ ልዩ በር ነው። ከኢጣልያንኛ የመጡት «ካልቾ» እና «ቴስታ» ከኳስ ሜዳ አልፈው የጠብ ቃላት እስከ መሆን ደርሰዋል፤ «ቦክስ» ደግሞ ከነባሮቹ ከ«ጡጫ» እና ከ«ቡጢ» ጎን ለጎን ይኖራል። የካራቴ ቃላት ግን ወደ እኛ የሚደርሱት ወይ በጃፓንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ ከሚማራቸው እንቅስቃሴዎች አንዱ የሆነውን «ጌዳን ባራይ»ን ወስደን የቃሉን ታሪክ ከመረመርን በኋላ፣ ለአማርኛ ይስማማል የምንለውን ስያሜ እናቀርባለን።

ካራቴ በኦኪናዋ ደሴት ያደገ የትግል ጥበብ ነው። ፉናኮሺ ጊቺን በ1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1922) በቶኪዮ ባሳየው ትርዒት በዋናው ጃፓን ታወቀ። የጥበቡ ስም ራሱ የስያሜ ታሪክ አለው። «ካራ» የሚለው ድምፅ ቀድሞ የሚጻፈው ቻይናን በሚያመለክት ፊደል ስለ ነበረ ትርጉሙ «የቻይና እጅ» ነበር፤ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ግን ድምፁ ሳይለወጥ ፊደሉ ብቻ ተለውጦ «ባዶ እጅ» ሆነ። የኦኪናዋ መምህራንም በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ናሃ ላይ ተሰብስበው ይህንኑ አጸኑ። እንግዲህ በዚህ ሙያ ቃልን መርምሮ ማቃናት እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

«ጌዳን» ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው፤ «ጌ» ታች፣ «ዳን» ደረጃ ማለት ነው። «ባራይ» ደግሞ «ሃራይ» የሚለው ስም በጥምረት ጊዜ የሚይዘው መልክ ሲሆን፣ ግሱ መጥረግን፣ አቧራን ማራገፍን፣ ዕዳ መክፈልን ሁሉ ያመለክታል። ድርጊቱም ስሙን ይመስላል። ተማሪው ጭብጡን በተቃራኒው ትከሻ በኩል ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያነሣል፤ ከዚያ ክንዱን በሰያፍ ወደ ታች አውርዶ ከፊተኛው ጉልበቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ያቆማል፤ በዚያው ቅጽበት ሌላውን እጁን ወደ ወገቡ ይስባል። ወደ ሆድ ወይም ወደ ብሽሽት የመጣው እርግጫ ከመንገዱ ይጠረጋል እንጂ ባለበት አይቆምም። ፉናኮሺ «ሄይአን ሾዳን» ብሎ የሰየመው የጀማሪዎች ቅንብር የሚከፈተውም በዚሁ እንቅስቃሴ ነው።

ካራቴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓለም ሲሰራጭ፣ እንግሊዝኛ «ባራይ»ንም ሆነ «መቀበል» የሚል ትርጉም ያለውን «ኡኬ»ን «ብሎክ» በሚል አንድ ቃል ጠቀለላቸው። ከእንግሊዝኛው ብቻ የሚነሣ ተርጓሚ «ዕገዳ» ወይም «ግድብ» ማለቱ አይቀርም። የዚህን ስሕተት ክብደት ለማየት እስከ ገፈርሳ መሄድ ይበቃል። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያጠራቅመው የገፈርሳ ግድብ ወንዙን ባለበት ይይዘዋል፤ ቦይ ግን ውኃውን አያቆመውም፣ አቅጣጫውን ይለውጠዋል። «ጌዳን ባራይ» የቦይን ሥራ የሚሠራ ነው። በገፈርሳም ሆነ በቡራዩ አንድ አሰልጣኝ ለጀማሪ ልጅ «አግደው!» ቢለው፣ ልጁ ቀጭኑን የክንዱን አጥንት ከሚመጣው ቅልጥም ጋር ያጋጫል፤ «ጥረገው!» ቢለው ግን እጁ በትክክለኛው መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ስያሜው የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአካል ደኅንነት ጉዳይም ነው። «ብሎክ»ን እንዳለ መውሰዱም አይመችም፤ ቃሉ በከተማው አነጋገር የሕንጻ መለያ ሆኗልና።

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። በፈረስ ጉግስ ላይ የተወረወረውን ዘንግ ጋላቢው በጋሻው ይመክታል፤ «መከተ» የሚመጣውን ምት ተቀብሎ መመለስን ባንድነት ስለሚይዝ፣ ከ«ብሎክ» ይልቅ ወደ «ኡኬ» ይቀርባል። «መከላከል» ግን ስፋቱ እጅግ በዝቶ ከአንድ እንቅስቃሴ ስምነት ይልቅ ለጠቅላላው ስልት ይሆናል። «ማራገፍ»ም ከጃፓንኛው ግስ ጋር ቢቀራረብም፣ ጭነት ማውረድን ስለሚያስታውስ ለዚህ አይመረጥም።

በዚህ መሠረት የሚከተለውን እናሳስባለን። ለ«ኡኬ» ምከታ፤ ለ«ጌዳን ባራይ» ታችኛ ጠረጋ፤ ለሦስቱ ከፍታዎች ማለትም ለ«ጆዳን»፣ ለ«ቹዳን» እና ለ«ጌዳን» ላይኛ፣ መካከለኛ፣ ታችኛ፤ ወደ ወገብ ለሚመለሰው እጅ ሳቢ እጅ። እግርን ለሚጠርገው «አሺ ባራይ» ግን፣ ምንም እንኳ በጃፓንኛ ግሱ አንድ ቢሆን፣ የትግል ሜዳው ጠለፋ የሚለውን ቃል አስቀድሞ ስለ ሰጠን እርሱን መተው አይገባም። ቃል ለቃል መመሳሰል የድርጊትን መልክ ከመጠበቅ አይበልጥምና።

የጃፓንኛው ስም በልምምድ ቦታ ትእዛዝ ሆኖ ቢቀጥል አንቃወምም፤ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ስፖርተኞችን የሚያግባባው እርሱ ነው። በመማሪያ መጽሐፍና በመዝገበ ቃላት ግን አማርኛው ፍቺውን ይዞ ከጎኑ ሊቆም ይገባል። ተርጓሚ ከመካከለኛ ቋንቋ በተቀበለው ቃል ረክቶ ከመቅረቱ በፊት፣ የመጀመሪያውን ቋንቋ መጠየቅና የሚሠራውን እጅ መመልከት ግዴታው ነው።